የእነ ገብሬ ጂፕ ስንት ሰው ትይዛለች

መኪና ሊገዛ የመጣ ሰው ሞተር ያስነሳል፣ ጎማ በእግሩ ይመታል፣ ዘይት ትጠጣለች ወይ ብሎ ይጠይቃል። እነ ገብሬ ግን ከእነዚህ አንዱንም አላደረጉም። አራት ሆነው ደሴ፣ ሰይድ ግቢ መጡና ሸራ ጣሪያ ያላትን ትንሿን የጃፓን ጂፕ ከበው፣ "ገብተን እንቀመጥባት?" አሉ።

"ቢስሚላህ ብላችሁ ግቡ" አለ ሰይድ።

ሰይድ ከጨው እስከ ጎማ ያልሸጠው ነገር የለም፤ እንዲህ ያለ ገዢ ግን ገጥሞት አያውቅም። ልብስ ሰፊው አቶ መኳንንት ከፊት ገብተው ረጃጅም እግሮቻቸውን ሲያጥፉ ጉልበታቸው አገጫቸው ሥር ደረሰ። የገብሬ ሚስት ያለምወርቅ ከኋላ ስትገባ ጂፗ ወደ አንድ ጎን ዘመም አለች። ነርሷ ዓለሚቱ በተረፈው ቦታ ተሸጎጠች። በሩ ተዘጋ። ገብሬ ከውጭ ቀረና ጆሮውን ሸራው ላይ ለጠፈ። ከውስጥ አንድ የሚጉረመረም ነገር ተሰማ።

"ይሰማል?" አሉ አቶ መኳንንት በመስኮቱ ብቅ ብለው።

"ይሰማል፣ ትንሽ።"

"እስቲ ሞተሩን አስነሳውና እንደገና ስማ።"

ሞተሩ ተነሳ። ገብሬ አዳመጠ፣ ዞሮ ከኋላም አዳመጠ፣ ምንም የለም። ራሱን ሲነቀንቅ ውስጥ ያሉት ሦስቱም ፊታቸው በራ።

"ወላሂ" አለ ሰይድ፣ "ሰው ሞተሩ ይጮሃል ብሎ ዋጋ ያስቀንሰኛል እንጂ፣ በጩኸቱ የሚደሰት ሰው ዛሬ ገና ማየቴ ነው። ደግሞ በኋላ አታለለን እንዳትሉኝ፤ ለእናንተ ትጠባለች። ሊብሬዋም አራት ሰው ነው የሚለው። ሰው ቢጨመርባችሁ ምን ልትሆኑ ነው?"

"አይጨመርብንም" አለ ገብሬ።

ሰይድ ሊገባው አይችልም፤ እነሱም ሊነግሩት አይችሉም። የሚገዙት መኪና አልነበረም። የጸሎት ቤታቸው በር በመንግሥት ከታሸገ ስምንት ወር ሆኖታል። ቧንቧ ውሃ ሠፈር ውስጥ እየተፈራረቁ በየቤታቸው ለመጸለይ ሞክረው ነበር፤ ነገር ግን ጎረቤት ደጃፍ ላይ የወለቀ ጫማ ይቆጥራል፣ ጫማው ከበዛ የቤቱ ጌታ ቀበሌ ይጠራል። መኪና ውስጥ ሲገባ ጫማ አይወለቅም። ሐሳቡን ያመጡት አቶ መኳንንት ናቸው፣ ምክንያቱንም ያዋጡት እሳቸው፦ ጉልበታቸውን ቁርጥማት ይዞታል፣ የደሴ ብርድ አልተስማማቸውም፣ ሐኪም ኮምቦልቻ ወርደው ሙቀት እንዲያገኙ አዟል። ሐኪሙ ዓለሚቱ ነበረች።

እንዲህ ሆኖ በየእሑዱ፣ የቀበሌ ስብሰባ እንዳበቃ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከቧንቧ ውሃ ይነሳል። የከተማውን መውጫ ኬላ እስኪያልፉ ስለ ጉልበት ይወራል። ከኬላው በታች ያለምወርቅ መዝሙር ታነሳለች፣ እስከ ሐረጎ ጠመዝማዛ ይዘመራል፣ ከዚያ ጸሎት ነው። አቶ መኳንንት መጽሐፍ ቅዱሱን ከጋዜጣ ውስጥ አውጥተው ሲያነቡ ጂፗ እየዘለለች መስመር ታሳስታቸዋለች፤ አንድ ጊዜ ከዳዊት ተነስተው ኢዮብ ውስጥ ተገኝተዋል። ኮምቦልቻ ብርቱካን ይገዙና በመጡበት ይመለሳሉ። የአቶ መኳንንት ጉልበት ደህና ነበር፤ ሦስት ወር በጂፕ ታጥፎ ሲመላለስ ግን እውነተኛ ቁርጥማት ያዘው። እሳቸውም ጌታ ከውሸት አዳነኝ ብለው አመሰገኑ።

ችግሩ የመጣው ከከፍያለው ጋር ነው።

ከፍያለው የኩታበር ልጅ ነው፤ ቧንቧ ውሃ ተከራይቶ ይኖራል፣ ሐረጎ ላይ ከመንገዱ ዳር ያለ አንድ የመንግሥት መጋዘን ይጠብቃል። ጠመንጃ አለው፣ የቀበሌ ሰዎችም በስሙ ይጠሩታል። ለእነ ገብሬ ሰላይ ነው ለማለት ይህ በቂ ነበር። አንድ እሑድ መታጠፊያው ላይ ቆሞ እጁን ዘረጋ። ጠመንጃ የያዘ እጅ ሲዘረጋ አይታለፍምና ገብሬ ፍሬን ያዘ።

"ወዴት ነህ?" አለው።

"ወደምትሄዱበት።"

"ኮምቦልቻ ምን ጉዳይ አለህ?"

"ጉዳይስ የለኝም" አለ ከፍያለው። "ተረኛው ስለተካኝ እንዲሁ ደርሼ ልመለስ ብዬ ነው።"

ያለ ጉዳይ ኮምቦልቻ ደርሶ የሚመለስ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አራቱም ያውቃሉ፤ ራሳቸው እንደዚያው ነበሩና። አቶ መኳንንት ወርደው የፊቱን ቦታ ሊለቁለት ሲነሱ፣ "ኧረ በፍጹም፣ አባባ፣ እርስዎ አይነሱ" ብሎ ከኋላ በሁለቱ ሴቶች መካከል ገባና ጠመንጃውን በጉልበቶቹ መሐል አቆመ። ሰላይ ሲባል የሚያመናጭቅ ይመስላቸው ነበር። ይህ ትሑት በመሆኑ ይበልጥ አስፈራቸው።

ከዚያ ቀን ወዲያ እሑድ ሁሉ እዚያው መታጠፊያ ላይ ይጠብቃቸዋል። ሲወርዱ ይገባል፣ ሲመለሱ ይወርዳል። ቤተ ክርስቲያኑም ስለ ሽንኩርት ዋጋ ማውራት ጀመረ። ስለ ዝናብ፣ ስለ ሰፈራ፣ ስለ አብዮቱ ድል ተወራ፤ አቶ መኳንንት ስለ አብዮቱ ሲያወሩ በልማድ "አሜን" አምልጧቸው በሳል አድበሰበሱት። ከፍያለው ዝም ብሎ ያዳምጣል። መጀመሪያ ጆሮውን አቁሞ፣ ትንሽ ቆይቶ አንገቱን ደፍቶ፣ በመጨረሻ በመስኮት ውጭ ውጭውን እያየ። ወሬ ስላጣ ከፋው ብለው ደስ አላቸው።

በስድስተኛው ሳምንት፣ "ለመሆኑ እናንተ አትዘምሩም እንዴ?" አለ።

ገብሬ ማርሽ ሳተ። ያለምወርቅ ግን የዋዛ ሴት አይደለችም፤ ቀበሌ ስብሰባ ላይ በግድ የሚያዘምሯቸውን መዝሙር ከነፉከራው ለቀቀችው። ሌሎቹ ተከተሉ። አቶ መኳንንት በዚያ በታጠፈ ጉልበታቸው እጃቸውን ጨብጠው ወደ ላይ ሲወረውሩ ሸራውን ነረቱት። ከፍያለው አብሮ አልዘመረም። እስኪያበቁ በትዕግሥት ጠበቀና፣ "ደህና ነው" ብሎ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ገብሬ ያን ሰው ጠላው። ምን ይደበቃል፤ ጠላው። ዘመድ ወዳጅ ሳይሰማ፣ ያላቸውን አራግፈው የገዟትን ቤት አንድ ሰው በአንድ መቀመጫ ዘጋባቸው። ጂፗን ሸጠን ሌላ ሰፋ ያለ እንግዛ እንዳይል፣ ሰፋ ካለ ሌላ ሰላይ ይጨምራል። በመጨረሻ አራቱ በየቤታቸው ሦስት ቀን ጾሙ። ጸሎቱን አቶ መኳንንት በቃል አስጠኗቸው፦ ጌታ ሆይ፣ ይህን ሰው ከመካከላችን አንሳልን። እንዴት እንደሚነሳ ለጌታ ተዉት።

በወሩ ከፍያለው በራሱ እግር ገብሬ ቤት መጣ። የወታደር ካኪ ለብሷል፣ የሸራ ከረጢት ይዟል። ለዘመቻ ተመልምሎ ወደ ሰሜን እንደሚሄድ፣ ጦሩ ከኮምቦልቻ በካሚዮን እንደሚነሳ ነገረው።

"ጋሽ ገብሬ፣ የመጨረሻዬ ናትና ታደርሰኛለህ?"

ገብሬ በደስታ ሊያቅፈው ምንም አልቀረው። ያለምወርቅ ጓዳ ገብታ በሹክሹክታ ተመስገን አለች። ቀኑ ማክሰኞ ነበር፣ ሌሎቹ ሥራ ላይ ናቸው፤ ሁለቱ ብቻ ወጡ። ከፍያለው ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊት ተቀመጠና እግሩን ዘረጋ።

ኬላውን አልፈው መውረድ ሲጀምሩ፣ "ጋሽ ገብሬ" አለ፣ "አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትቀየመኝ።"

"ጠይቅ።"

"ከእናንተ ጋር መሄድ ከመጀመሬ በፊት፣ እሑድ እሑድ መጋዘኑ ጋ ስትታጠፉ ማርሽ ትቀይር የለ? ያኔ ሞተሩ ጸጥ ይልና ከውስጥ ዜማ ይሰማኛል። ‘ቤቱ ሰፊ ነው፣ ለደከመው ሁሉ’ ይላል። ከዚያ ሞተሩ ይነሳና ታልፋላችሁ። እስካሁን ያቺን ብቻ ነው የማውቃት። የቀረውን ልስማ ብዬ ነበር የምሳፈረው። እኔ ከገባሁ ወዲህ ግን ተዋችሁት። ቦታ አጣበብኩባችሁ መሰለኝ።" ወደ ገብሬ ዞረና፣ "የማን ቤት ነው?" አለ።

ገብሬ ማርሽ ቀየረ። እነሆ ጠየቀ፤ ለሁለት ዓመት ሰው እንዲጠይቃቸው የጸለዩትን ጥያቄ፣ በገዛ አፉ፣ ጠመንጃም ሳይዝ። መልሱ አንድ ቃል ነው። ግን ወጥመድ ቢሆንስ? ሦስት ወር በትዕግሥት የጠበቀው ይህችን ቃል ለማግኘት ቢሆንስ? ካኪው የማታለያ ቢሆንስ? ያለምወርቅን አሰበ፣ አዛውንቱን መኳንንትን አሰበ፣ አጥብቆ ያሰበው ግን ራሱን ነበር።

"ራዲዮ ነው" አለ። "ራዲዮ ነበር የምትሰማው።"

ከፍያለው ዳሽቦርዱን አየ። ራዲዮ ሊኖርበት በሚገባው ቦታ አራት ማዕዘን ባዶ ቀዳዳ አለ፤ ሰይድ ሲሸጥላቸውም እንደዚያው ነበር። ከውስጡ ሁለት የተቆረጡ ሽቦዎች ብቅ ብለዋል።

"እህ" አለ ከፍያለው። "ራዲዮ ነው ለካ።"

ጠመዝማዛውን ጨረሱ፣ መጋዘኑን አለፉ፣ ሙቀቱ መጣ። ገብሬ ከአሁን አሁን እናገራለሁ እያለ ኮምቦልቻ ደረሰ። ካሚዮኖቹ ሞተር አስነስተው ሰው ይጭናሉ። ከፍያለው ወረደና ከረጢቱን ትከሻው ላይ አደረገ፣ የገብሬን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

"አባባ መኳንንትን ሰላም በልልኝ። ጉልበታቸውን ይማርልኝ።"

ገብሬ አፉን ሲከፍት አንድ አሥር አለቃ ከፍያለውን በጩኸት ጠራው፤ ሮጦ ሄደ። ካሚዮኑ ላይ እንዴት እንዳመቻቹት እግዜር ይወቅ፤ ሰው በሰው ላይ ነበር። ገብሬ አቧራው እስኪጠፋ ቆሞ አየና ብርቱካን ሳይገዛ ተመለሰ። ለሚስቱ "ሄደ" ብቻ አላት።

እሑድ አራቱ ተሳፈሩ። ያለምወርቅ ከኋላ ተንፈላስሳ፣ "እፎይ! እግሬን ዘረጋሁ፣ እንዴት ሰፍታለች እናንተዬ!" አለች። ዓለሚቱ ሳቀች። አቶ መኳንንት ጸሎታቸውን ሰምቶ እንቅፋቱን ላነሳላቸው ጌታ ምስጋና አቀረቡ፣ አሜኑም ከሸራው በላይ ወጣ። ከዚያ ያለምወርቅ ያንኑ ‘ቤቱ ሰፊ ነው’ የሚለውን መዝሙር አነሳች። ብዙ ሳምንት ታምቆ የቆየ ድምፅ ነውና በረታ።

ሐረጎ ላይ፣ መጋዘኑ ጋ፣ ገብሬ ማርሽ መቀየሩን ትቶ መኪናዋን አቆመ። ሞተሩን አጠፋ።

"ምነው? ተበላሸች?" አለች ዓለሚቱ።

ገብሬ ፊቱን ሳያዞር ነገራቸው። መታጠፊያውን፣ ዜማውን፣ ‘የማን ቤት ነው’ ያለውን። ራዲዮውንም አልደበቀም። መጋዘኑ በር ላይ የቆመው አዲሱ ጥበቃ ለምን እንደቆሙ ግራ ገብቶት ያያቸው ነበር።

አቶ መኳንንት ጋዜጣ ውስጥ ያለውን መጽሐፍ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

"ሰላይ በሆነ ይሻለን ነበር" አሉ በመጨረሻ።

ያለምወርቅ የዘረጋችውን እግር ቀስ ብላ ሰበሰበች።