ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ

እስቲ መልሱ፤ አንድን ዘፈን አርባ ዓመት ሙሉ እንባ እያቀረራችሁ ስትዘፍኑ፣ እንባው መጀመሪያ የማን እንደነበር ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

ማናሴ አልጠየቀም። ይኸው ዛሬ አዳማ ውስጥ፣ በሟቹ በሁንዴ ደጃፍ በተተከለው የለቅሶ ድንኳን ጥግ ተቀምጦ፣ ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ይጽፋል። "በ1943 ዓ.ም. ቆቃ አካባቢ ተወለዱ" ካለ በኋላ እስክሪብቶው ቆሟል። ስድስት ሰዓት አልፏል። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

ማናሴ ቴፕና ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ አሁን ቴፕ የሚያመጣለት ስለሌለ ስልክ ይጠግናል። የመልካ ባንድ ወዳጆች ማኅበር ጸሐፊም ነው። ሃያ ሦስት አባላት እሑድ እሑድ ሱቁ ውስጥ ተፋፍገው የባንዱን ካሴቶች ይሰማሉ። የትኛው ዘፈን ላይ የጊታሩ ክር እንደተበጠሰ፣ የትኛው ላይ ከበሮ መቺው እንዳስነጠሰ ያውቃሉ፤ ሲከራከሩ ለጠብ ይደርሳሉ። ክራር ተጫዋቹ ሁንዴ ግን ከሱቁ ሦስት መንገድ ዝቅ ብሎ ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ሲማቅቅ፣ ከሃያ ሦስቱ አንዱ እንኳ ብርቱካን ይዞ በሩን አላንኳኳም። ሲሞት ግን ጉንጉን አበባ አዘዙ። አድናቂ ማለት ይህ ነው፤ ድምፁን ይወዳል፣ ሰውየውን ይረሳል።

"አንተ፣ ይህን ጉድ እየው!"

ፋዲላ ነበረች፤ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የምትሸጥ፣ የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ። ከፌስታል ውስጥ ጥቁር ቲሸርት አውጥታ ዘረጋችለት። የባንዱ የድሮ ፎቶ ታትሞበታል፤ መሀል ላይ ዘፋኙ ገብረወልድ ማይክሮፎን ጨብጦ ይስቃል።

"ሁንዴ የታለ?" አለ ማናሴ።

"ይችውልህ" አለች፣ ጠርዙ ላይ በጣቷ እየጠቆመች። "እጁ አለች። ክራሩን የያዘችው።"

"ማነው እንዲህ አድርጎ ያሳተመው?"

"ማን ይሆናል? ከቴሌግራም ገጻችን ላይ አውርደው ነው። ጋሽ ገብሬ መሀል ይሁን ብለህ አምና የቆረጥከው አንተ አይደለህ?" ቲሸርቱን አጣጥፋ መለሰችው። "በሰው ለቅሶ የሌላ ሰው ፎቶ ለብሰን ልንሄድ ነው። ያ አላህ፣ ሰው ይስቅብናል።"

ማናሴ አንገቱን ደፍቶ "ቆቃ በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት አገለገሉ" ብሎ ጻፈ። ቀጥሎም ሁንዴ ከተጣለ ስልክ ማዳመጫ ያወጣትን ማግኔት ክራሩ ቆዳ ሥር አስሮ ከአምፕሊፋየር ጋር ያገናኘ መሆኑን ጻፈ። መልካን መልካ ያደረገው ያ ድምፅ ነው፤ ክራር ሆኖ እንደ ጊታር የሚጮህ፣ ጊታር ሆኖ እንደ ክራር የሚያለቅስ።

የሁንዴ ልጅ ሌንሳ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ኩየራ ከተማ አስተማሪ ናት። ድምፅዋ ከልቅሶ ብዛት ሰልሏል።

"ጋሽ ማናሴ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምሩልኝ። 'ደጅሽ የተባለውን ዘፈን ግጥምና ዜማ የደረሱት እሳቸው ናቸው' ይበሉልኝ።"

ማናሴ ቀና አለ። "ደጅሽ" የመልካ ትልቁ ዘፈን ነው። በአዳማ ያለ እሱ የተዳረ ሙሽራ የለም።

"ሌንሳዬ፣ ካሴቱ ላይ 'ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ' ነው የሚለው።"

"አውቃለሁ። ግን እስቲ ይበሉት፤ ሁለተኛውን መስመር።"

ማናሴ በለሆሳስ አለው፦

"ደጅሽን ባንኳኳ ውኃ ከፈተልኝ፣
አንቺ ከሌለሽ ማን ግባ ውዴ ይበለኝ።"

"አባዬ እቤት ሲዘፍነው 'ውዴ' ብሎ አያውቅም" አለች። "'ግባ ልጄ' ነው የሚለው። እናቱ ሲሞቱ ስምንት ዓመቱ ነበር። በዓመቱ የቆቃ ግድብ ተገደበና ቤታቸውም፣ የተቀበሩበትም ቦታ ሐይቁ ውስጥ ቀረ። ዘፈኑ የእናቱ ደጅ ነው፣ ጋሼ። እናንተ ሠርግ ላይ ስትጨፍሩበት እሱ ተነሥቶ ይወጣ ነበር።"

ማናሴ "ልጄ" የሚለውን ሰምቶታል። በ1977 ዓ.ም.፣ በዐሥራ ስድስት ዓመቱ፣ ካሴት ቤት ተቀጥሮ የባንዱን የልምምድ ቴፕ ክር ሲገለብጥ ሁንዴ ራሱ ሲዘፍነው "ግባ ልጄ" ሲል ሰምቷል። ያን ጊዜ ሰውየው ግጥሙ ጠፍቶት የተሳሳተ መስሎት ስቆ ነበር። ሌላም አለ። የካሴቱን ልባስ የጻፈው እሱ ነው፤ እጅ ጽሕፈቱ ያምር ነበርና። ገብረወልድ ከበላዩ ቆሞ "የሕዝብ በል" አለው። የሕዝብ ብሎ ጻፈ።

ሌንሳ ዓይን ዓይኑን እያየች፣ "ይጽፉታል?" አለችው።

"እጽፋለሁ" አለ። ጻፈም።

ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ነጭ መኪና ድንኳኑ በር ላይ ቆመ። ገብረወልድ በነጠላ ተጠቅልሎ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ ወረደ፤ ከኋላው ካሜራ የያዘ ሰው ተከትሎታል። ሕዝቡ ብድግ አለ። አዛውንቱ ጥቂት ካለቀሰ በኋላ ማናሴን ወደ ጥግ ጠርቶ ወረቀቱን ተቀበለው። መነጽሩን አውልቆ አነበበ።

"ይህቺን አውጣት።"

"እውነት እኮ ናት፣ ጋሽ ገብሬ።"

"ዛሬ ለቀብር ነው የመጣነው ወይስ ለክርክር? ያን ጊዜ የሕዝብ ያስባልኩት ለእሱው ብዬ ነው። 'መሬቴን ውኃ በላው' የሚል ደራሲ ሳንሱር ፊት ቢቀርብ ምን ይደርስበት ነበር? አንተ ምን ታውቃለህ፣ ለጋ ልጅ ነበርክ።"

"ይሁን። ደርግ ከወደቀ ግን ሠላሳ አራት ዓመት ሆነው። አምና በቴሌቪዥን 'ከአያቴ የሰማሁት ነው' ብለዋል።"

"ልጅቷ ብር ፈልጋ ነው።"

"አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የፈለገችው።"

"ማናሴ፣ ሞኝ ነህ እንዴ? ዓረፍተ ነገሩ ነዋ ብሩ!" ገብረወልድ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "በሚቀጥለው ወር የአርባኛ ዓመት ዝግጅታችሁ አለ። ዓመት ሙሉ ለፍታችሁበታል። እኔ ከሌለሁ ምን ልታሳዩ ነው፣ ቲሸርት? አርፈህ ሰርዛት።"

ማናሴ ሰረዛት። እጁ ለሁለተኛ ጊዜ ታዘዘ። ፋዲላ ከሩቅ አይታው ነበር፤ ፊቷን አዞረች።

ሬሳው ሲወጣ አድናቂዎቹ ከኋላ ተሰልፈው "ደጅሽ"ን በቀስታ ማንጎራጎር ጀመሩ። ሙሾ እንኳ የማያውቁት በዜማው አነቡ። ሁለተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ ሁሉም በአንድ አፍ "ግባ ውዴ" አሉ። ከፊት፣ ከሬሳው ሥር፣ አንዲት የሰለለች ድምፅ ብቻዋን "ልጄ" አለች። ዘፈኑ ተሰበረ። መልሶ ያነሣው አልነበረም፤ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ የጫማ ኮቴ ብቻ ተሰማ።

ፍትሐቱ እንዳበቃ የእድሩ ሰብሳቢ ማይክሮፎኑን ለማናሴ ሰጠው። ማናሴ አነበበ። ትውልዱን፣ ሥራውን፣ የስልኩን ማግኔት አነበበ። "ተግባቢ፣ ሰው አክባሪና ታታሪ ነበሩ" ድረስ ደረሰ። የቀረችው "ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን" የምትለው ብቻ ነበረች።

ወረቀቱን ዝቅ አደረገው።

"እዚህ ላይ የተሰረዘ ዓረፍተ ነገር አለ" አለ። "'ደጅሽ'ን የደረሱት ሁንዴ ናቸው ይል ነበር። ዛሬ ከሰዓት የሰረዝኩት እኔ ነኝ። በ1977 ካሴቱ ላይ 'የሕዝብ' ብዬ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ሌንሳ፣ ይቅር በይኝ ለማለት አፍ የለኝም።"

"ኧረ ቀብሩን አታበላሽ!" አለ አንድ ሰው ከኋላ።

"ዝም በለው፣ ይናገር!" አለች ፋዲላ ከግቢው በር።

ካሜራው ከሬሳው ላይ ዞሮ ገብረወልድ ላይ አረፈ። አዛውንቱ መነጽሩን በጣቱ አስተካከለ፤ ወደ መኪናው አየ፤ መንገዱን ግን ሰው ሞልቶታል።

"ጋሽ ገብሬ" አለ ማናሴ፣ "የሕዝብ ነው ብለዋል። ሕዝቡ ይኸው፤ ቆሟል። እኔ አልሠራሁትም፤ ፋዲላም፣ እነዚህም አልሠሩትም። እርስዎ ማን እንደሠራው ያውቃሉ። ሬሳው አፈር ሳይለብስ፣ በልጁ ፊት፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ ስሙን ጠርተው ዘፈኑን ይመልሱለት!"