ሎሚ አስቢ

«ዛሬ የሚለቀስልኝ እኔ ነበርኩ!» አለ የሰፈሩ ብረት በያጅ፣ ገና ከደጃፉ ሳያልፍ። «ሁለቱም ወንድሞቼ አርባ ሳይሞላቸው ልባቸው ቀጥ አለ። እኔ ግን ይኸው ሃምሳ ሁለት ሞላኝ። ያተረፉኝ እትዬ ምራቅ ናቸው።»

«ነፍስ ይማር» አሉ ለቀስተኞቹ።

ሦስተኛ ቀን ነው። «እትዬ ምራቅ» የሚለው ስም ለቅሶ ቤትም ውስጥ ያስፈግጋል፤ አንዲት ጎረቤት መሐረቧን አፏ ላይ ያዘች። የሟች ልጅ ግን አልሳቀችም። ዓይኗ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የእናቷ የሥራ ቦርሳ ላይ ነው።

እናቷ የጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች። ባሏ በሠላሳ ስምንት ዓመቱ ጫማውን እያሰረ ድፍት አለባት። ከዚያ ወዲህ ዕረፍት አልነበራትም። የምርምር ማዕከሉ በቤተሰብ የሚወረስ የልብ ሕመም ሊያጠና ሲነሳ፣ ለምርመራ ከየቤቱ ምራቅ ለመሰብሰብ ቀድማ የተመዘገበችው እሷ ናት። በመጀመሪያው ቀን «ዘራችሁን ላጠና ነው» ብላ በር አንኳኳች። ጉድ ፈላ! «ዘር ቆጣሪ መጣች» ተባለና ሰፈሩ በሙሉ በሩን ዘጋባት። በማግስቱ ያንን ቃል እርግፍ አድርጋ ትታ «በድንገት የሞተባችሁ ሰው አለ?» እያለች ተመለሰች። ያልተከፈተላት በር አልነበረም። «ምራቁን የዋጠ ሰው ምራቅ ይከለክላል?» እያለች ሽማግሌዎቹን ታስቃለች፤ አፉ ለደረቀበት ደግሞ «ሎሚ አስብ» ትለዋለች።

ማዕከሉ ጥናቱን ጽፎ ሊዘጋ ሲል «ውጤቱ ለባለቤቱ ካልደረሰ አንዲት ጠብታ አላመጣም» ብላ ድርቅ አለች። ይኸው ዛሬ ጤና ጣቢያው ሕመሙን አንድ ሰው ላይ ካገኘ ቤተሰቡን በሙሉ ጠርቶ ይመረምራል፤ ክኒኑንም ይሰጣል። እሷ ባትኖር ማን ያስበው ነበር?

ታዲያ ምራቋን እንቢ ያለቻት የገዛ ልጇ ነበረች።

«የአባቴን ሞት ወርሰሻል የሚል ወረቀት ምን ያደርግልኛል? ባላውቀው ይሻለኛል።»

«እሺ የኔ እናት፤ ስትፈልጊ» ነበር የእናቷ መልስ።

ልጅቷ በመጪው ዓመት ሠላሳ ስምንት ይሞላታል።

ተነስታ ቦርሳውን አወረደች። ከጎኑ ኪስ ውስጥ አንዲት ባዶ የምራቅ ብልቃጥ ወጣች፤ የሷ ስም በእናቷ እጅ ተጽፎባታል፣ ቀኑም አዲስ ነው። እናቷ ጊዜው ያለፈበትን እያወጣች አዲስ እየተካች፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ስትጠብቃት ኖራለች።

ቁጭ አለችና ክዳኑን ከፈተች። ሦስት ቀን ያለቀሰ አፍ ግን ምራቅ ከየት ያመጣል? ሞከረች፤ ደረቅ። እንደገና ሞከረች። ቤቱ በሙሉ ያያታል።

«ሎሚ አስቢ፣ እህቴ» አላት በያጁ ቀስ ብሎ።

ያኔ ሳቋ መጣ፤ እንባዋም አብሮት ዱብ ዱብ አለ።

«ኧረ እንባሽ እንዳይገባበት! እሳቸው ቢኖሩ ያስደግሙሽ ነበር።»

ብልቃጧን ከፊቷ አራቀች። ዓይኖቿን በእጅጌዋ ደህና አድርጋ ጠረገች፤ ከዚያም ጎንበስ ብላ እስከ መስመሩ ሞላቻት።