ሦስት ጊዜ የተደፈነው ቧንቧ

ቧንቧ ሠሪ ነኝ። በዚህ ምድር ላይ እንደ ጸጉር የምጠላው ነገር የለም፤ ፍሳሽ ውስጥ የሚጣል ጸጉር። ሚስቴ ወይም አማቴ መታጠቢያ ቤት ገብተው ካበጠሩ አገር ይያዝልኝ እላለሁ። አማቴም ልጃቸውን «አንቺ እኮ ቧንቧ እንጂ ባል አላገባሽም» እያሉ ያጽናኗታል።

አንድ ቀን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት ቧንቧ ተደፍኖ ተጠራሁ። አንገት የሚባል ነገር ያልፈጠረበት ጠባቂ ከፈተልኝና ሥራዬን እስክጨርስ አጠገቤ ተገትሮ ዋለ። አንዲት ወጣት ከጀርባው ሆና ታየኛለች። የተቀዳደደ ፎጣ ጎትቼ አወጣሁና ሄድኩ። ሳምንት ሳይሞላ እንደገና ተደፈነ፤ አሁን ደግሞ ካልሲ ነው። «ሥራህ አይረባም» አለኝ ጠባቂው። እኔን! ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ለሦስተኛ ጊዜ ስጠራ ቤቴ ውስጥ እሳት ተነሣ።

«አንድ ቧንቧ ስንት ጊዜ ነው የሚበላሸው?» አሉ አማቴ። «እዚያ ቤት ሴት አለች?»

«አንዲት ወጣት አለች። ምነው?»

ምነው ምላሴን በቆረጠው! የዕቃ ሳጥኔን አንጠልጥለው ቀድመውኝ መኪናዬ ውስጥ ተሰየሙ። ለጠባቂው «ረዳቴ ናቸው» ብዬ አስገባኋቸው።

ቧንቧውን ስፈታው ሽታው ጠባቂውን የውጭውን በር ወለል አድርጎ አስከፍቶ ደጅ አስወጣው። አማቴ ግን ንቅንቅ አላሉም። እጄን ከትቼ ስስብ ከሥሩ የተቆረጠ የሴት ሹሩባ እየተጎተተ ወጣ። ደሜ ፈላ። ወጣቷ ራሷን በሻሽ ጠፍራ በሩ ላይ ቆማለች።

«አንቺ! ጤነኛ ነሽ? ጸጉር እዚህ ይጣላል?»

«ቀስ ይበሉ ጋሼ» አለች። «ሆን ብዬ ነው የደፈንኩት። እዚህ ቤት ከሚገቡት ወንዶች ያልከፈለብኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። የሆቴል ሥራ አለ ብለው አምጥተው ይሸጡኛል። በሩ ሁሌም ቁልፍ ነው። ውስጥ ሌሎች ሁለት ሴቶች አሉ። ከዚህ ጸጉር በቀር የምደፍንበት ነገር አልቀረኝም።»

ሹሩባውን ቀስ አድርጌ ሳጥኔ ላይ አስቀመጥኩት። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። አማቴ የልጅቷን ራስ አዩ፤ ክፍቱን በር አዩ፤ እንባቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ።

«ብጮህብሽ አይክፋሽ ልጄ» አሉ በሹክሹክታ። ከዚያ በጥፊ አጮሉኝ።

«ለካ ቧንቧ ቧንቧ የምትለው ለዚች ኖሯል! ልጄን ከነልጆቿ ቤት ቆልፈህ!» ልጅቷን ክንዷን ይዘው ወደ ደጅ ጎተቷት። «ነይ ውጪ! ዛሬ ልጄ ፊት ትናገሪያለሽ!»

ጠባቂው ሌላውን ክንዷን ያዘ። አማቴ ጩኸታቸውን አቀለጡት፤ የጎረቤት በር ሁሉ ተከፈተ።

«አንተ ምን አገባህ? እናት ናቸው፣ ይናገሩ!» አለችው አንዲት ሴትዮ፤ ባሏና ልጇ ጠባቂውን ግራና ቀኝ ያዙት። ምን ይበል? ለምን እንደያዛት ቢናገር ራሱን ሊያሳስር ነው። እኛ ስንወርድ ከየፎቁ ስድብ ይወርድብኛል። አንገቴን ደፋሁ፤ ማስመሰል ስለማውቅበት አይደለም፣ ጥፊው የምር ስለነበረ ነው።

መኪናው ውስጥ አማቴ ልጅቷን እቅፋቸው ውስጥ ከተቷት። በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። በዚያው ቀን ሁለቱ ሴቶች ወጡ፣ ጠባቂው ገባ። አለቆቹ ግን ገና እየተፈለጉ ስለሆነ እስኪያዙ ድረስ አፋችሁን ዝጉ ተባልን።

ወሬው ከኔ ቀድሞ ሰፈር ደርሶ ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ ሴሰኛው እኔ ነኝ። ሚስቴ እውነቱን እያወቀች ጎረቤት ፊት «ምን ላድርግ፣ ለልጆቼ ብዬ ቻልኩት» ትላለች። ሳይጥማት አይቀርም።

ልጅቷ አሁን ከአማቴ ጋር ትተኛለች። ሌሊት እየባነነች ስትጮህ «አይዞሽ» ሲሏት እሰማለሁ። ትናንት ጸጉሯ ለማበጠሪያ ደርሶ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ እዚህ ባበጥር ቧንቧው ይደፈናል?»

አማቴ ከጓዳ ብቅ ብለው አፈጠጡብኝ።

«ይደፈን» አልኳት።