ታግ የማታነበው ስፒከር

በሰው አገር፣ አሕመድ ዳጋህ በሚባል ሰፈር የተከራየኋት ክፍል ከአከራዬ ከእትዬ ሙልኪ መኝታ ቤት የምትለየው በአንድ ስስ ግድግዳ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ባለቤታቸው ዲሪር ልባቸውን ታመው ተኝተዋል። ከወዲህ እኔና ሲዲዎቼ ነን።

"ኸሊፋ፣" አሉኝ እትዬ ሙልኪ ባለፈው ሳምንት በሬ ላይ ቆመው። እሳቸውም ባላቸውም ድሬዳዋ ስላደጉ አማርኛቸው ከእኔ ይፈጥናል። "ይሄ የሲዲህ ከበሮ አንድ ጊዜ ሰውዬውን ካስደነገጠብኝ ዕቃህን ታወጣለህ።"

"አይደገምም፣ ኢንሻአላህ።"

ዕቃዬን አውጥቼ የት እገባለሁ? የመኖሪያ ወረቀቴ ጊዜው አልፎበታል። ያለ ወረቀት፣ ያውም ለብቻው ለሚኖር ወንድ፣ ቤት የሚያከራይ ሌላ ሰው አላገኘሁም። ወደ አገሬ ልመለስ ብልም ድንበሩ ላይ የምጠየቀው ያንኑ ወረቀት ነው።

መንዙማ ሳልሰማ መዋልም አልሆነልኝም። እህቴ ሀፊዛ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ኮምቦልቻ ከጓደኞቿ ጋር የቀዳችው፣ በዝግታ ዱዓ ጀምሮ ወደ ከበሮ የሚያልፈው ሲዲ በሙቀቱና በአቧራው መንተባተብ ጀምሯል። ስለዚህ በምሠራበት መጋረጃ ቤት ኮምፒውተር ላይ ሲዲዎቼን ሁሉ ድምፃቸው ቅንጣት ሳይቀነስ ገለበጥኳቸው። ያስተማረኝ የለም፤ እያበላሸሁ ነው የለመድኩት። ከዚያ ከበሮው እንዳያስደነግጥ ለእያንዳንዱ ዜማ ታግ አስገባሁ። ታግ ፋይሉ ላይ የሚለጠፍ ትእዛዝ ነው፤ ይህን ስታጫውት ይህን ያህል ዝቅ አድርገው ይላል። ዜማው ራሱ አይነካም። እዚያው ስሞክረው ከበሮውም ዱዓውም እኩል ለስላሳ ሆኑ። አልሐምዱሊላህ አልኩ።

ዓርብ፣ ከአስር ሰላት በኋላ፣ ዜማዎቹን የጫንኩበትን ፍላሽ ቤት አምጥቼ ትንሿ ስፒከሬ ላይ ሰካሁት። መጀመሪያ የመጣው የሀፊዛ ዱዓ ነው። አልሰማ ሲለኝ ድምፁን ጨመርኩ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ዱዓው አለቀና ከበሮውና ጭብጨባው ባንዴ ክፍሉን ሞላው። ስፒከሯ ለካ ታግ አታነብም። ቁልፏን ስዳብስ ከግድግዳው ወዲያ ሳል ሰማሁ፤ ከዚያ የነጠላ ጫማ ኮቴ።

እትዬ ሙልኪ ሳያንኳኩ ገቡ።

"ኮምፒውተሩ ላይ እኮ ዝቅ ብሎልኝ ነበር፣ እትዬ።"

"እንግዲያው ዲሪርን ኮምፒውተርህ ውስጥ ላስተኛዋ።"

"ዕቃዬን ልሰብስብ?"

ፍራሼን፣ መስገጃዬን፣ የሲዲዎቹን ክምር ተራ በተራ አዩ።

"የት ልትሄድ?" አሉ። ወረቀቴን ያውቃሉ። ስፒከሯን ከነፍላሿ ነቅለው ብብታቸው ሥር ሸጎጧት። "አንተ ትቀመጣለህ። ይቺ ግን እኔ ጋ ትታሰራለች።"

በማግስቱ ከሥራ ስገባ ከግድግዳው ወዲያ የሀፊዛ ዱዓ ሰማሁ፤ በጣም ዝቅ ብሎ። ጫማዬን ሳላወልቅ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ቃሉ አይለይም። ጨምሩልኝ ብዬ እንዳላንኳኳ በምን አፌ? ዱዓው ሊያልቅ ሲል ትንፋሼን ያዝኩ።

"ዝቅ አርጊው እንጂ፣" አሉ ዲሪር፤ "ከበሮው መጣ።"

ዝቅ አደረጉት። ከወዲህ ምንም አይሰማም። እኔ ግን ዜማውን ስለማውቀው በልቤ እየተከተልኩ፣ እስኪያልቅ ድረስ ከግድግዳው አልተላቀቅኩም።