የቨርነን ጉድጓድ

እኛ አሜሪካ፣ ካንሳስ የምንኖር ሰዎች የአውሎ ነፋስ መሸሸጊያ ጉድጓዳችንን ማዘጋጃ ቤት እናስመዘግባለን። ቤት ተንዶ በሩን ቢዘጋው፣ ነፍስ አድኖች የት እንደሚቆፍሩ ያውቃሉ። ጎረቤቴ ቨርነን ግን፣ «ካወቁማ ሰፈሩ ሁሉ ሊሰፍርብኝ ነው!» ብሎ ሳያስመዘግብ ቀረ። ስግብግብ!

የአውሎ ነፋሱ ማስጠንቀቂያ ሳይረን ሲጮኽ፣ እኛ ቤት ጉድጓድ ስላልነበረ እናቴን በተሽከርካሪ ወንበሯ እየገፋሁ ሄጄ የጉድጓዱን የብረት በር ደበደብኩ።

«ቨርነን፣ በፈጠረህ፣ እናቴን ብቻ!»

«ቦታ የለም!» አለኝ ከውስጥ። ከእሱና ከሁለት ውሾቹ በቀር ማንም አልነበረም።

ወደ ቤታችን ሮጥን። እናቴን መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ አስተኝቼ በላይዋ ተደፋሁ። ነፋሱ ጣሪያውን ገንጥሎ ሄደ፤ ግድግዳው ተናደብን። እኔ ተረፍኩ።

ነፍስ አድኖቹ የደረሱት አስከሬኗን በአንሶላ ከሸፈንኩ በኋላ ነው። የቨርነን ቤት እንዳለ ጓሮው ውስጥ ባለው የጉድጓዱ በር ላይ ተከምሯል። አንዱ ወጣት መዝገቡን አየና፣ «እዚህ ጉድጓድ የለም» ብሎ በቀረችው ግድግዳ ላይ ሰው የለም የሚለውን ምልክት በቀለም ሊጽፍ ተነሳ።

«ቆይ፣ ልጄ» አልኩት።

ሳንቃውን አንስቼ የጉድጓዱን የአየር ቱቦ አገኘሁት። አፌን አስጠግቼ፣

«ቨርነን! ጎረቤትህ ነኝ። ቦታ አለህ?» አልኩት።

«አለ! አለ!» ብሎ ጮኸ ከታች። «ኧረ ለአስር ሰው የሚበቃ ቦታ አለ!»

ወጣቱ መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ አንሶላውን አየ።

«በል ቆፍር» አልኩት። «ወጥቶ ይያት።»