ከፎቶው ሥር የጻፍኩት

ልጄ ጨጓራዋን በቀዶ ሕክምና ካስጠበበች አራት ወሯ ነው። አርባ ኪሎ ቀነሰች። የድሮ ቀሚሷ ድንኳን ሆነባት፤ እየተሳሳቅን አጠበብነው። ሣቁ ግን ብዙ አልቆየም። ትንሽ ስትቀምስ ከቀኝ ጎድኗ ሥር ይጨመድዳት፣ ወደ ትከሻዋም ይወጣባት ጀመር። ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምናውን የሠራላት ክሊኒክ ወሰድኳት፤ ሁለቴም «ጋዝ ነው፤ ቀስ ብላ ትብላ» ብለው መለሱን።

ሰኞ ጠዋት ዓይኗ ቢጫ ሆኖ ተነሣች። ደግፌ እዚያው ክሊኒክ ወሰድኳት።

የካርድ ክፍሏ ልጅ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ቀጠሯችሁ ለሚቀጥለው ወር ነው» አለችን።

«የእኔ እናት፣ እስቲ ዓይኗን እዪው!»

«ማዘር፣ ዶክተሩ ሥራ ላይ ነው። ይቀመጡ።»

ልጄ አግዳሚው ላይ ተኮራምታ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ ጣለች። ቀና ብል ግድግዳው ላይ ማንን ባይ ጥሩ ነው? ራሷን ልጄን! በአንዱ ፎቶ ወፍራም፣ በሌላው ቀጭን፤ በሁለቱም ትሥቃለች። የጎልማሶች ትምህርት ከጀመርኩ ገና ዓመቴ ነው፤ ከሥሩ ያለውን ፊደል በፊደል አነበብኩት። «በአራት ወር አርባ ኪሎ፤ ያለ ምንም ችግር።»

ደሜ ፈላ። ችግሩ ጭኔ ላይ እያቃሰተ!

የልጄን ራስ ቦርሳዬ ላይ አሳረፍኩና ወንበር ላይ ወጣሁ። በትምህርት ቤት እስክሪብቶዬ ከፎቶው ሥር ጻፍኩ፦ «ይቺ ልጅ እዚህ ተኝታለች። ጎኗን ያማታል። ዓይኗ ቢጫ ነው። የሚያያት የለም። እናቷ።»

«ማዘር! የሰው ግድግዳ!»

«ልጄስ የሰው አይደለችም?»

ወረፋ የያዙት ተነሥተው ማንበብ ጀመሩ። አንዲት ደልደል ያለች ወይዘሮ ጮኸች፦ «እኔ እኮ ነገ ነው ለዚሁ ቀዶ ሕክምና የምገባው! ዶክተሩን ጥሩ!»

ዶክተሩ መጣ። በአልትራሳውንድ ሲያያት የሐሞት ከረጢቷ ጠጠር ሞልቶታል፤ አንዱ ወርዶ መውጫውን ዘግቷል።

«ሰውነት በፍጥነት ሲቀንስ የሚያጋጥም ነው» አለኝ። «የታወቀ ነው። መከላከያ ክኒንም አለው።»

«ታውቃላችሁና ዝም አላችሁ?»

አምቡላንስ ሊጠራ ስልኩን አነሣ።

ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሚወስዳት አምቡላንስ ሲደርስ፣ የካርድ ክፍሏ ልጅ ፎቶውን ልታወርድ እጇን ዘረጋች።

«እንዳትነኪው!» ብዬ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «ስለ ክኒኑ ጠይቁ።»

ወይዘሮዋ ወንበሯን ስባ ከፎቶው ሥር ቁጭ አለች።

«ሂጂ እህቴ፣ ልጅሽን ይዘሽ ሂጂ» አለችኝ። «ይሄን ለእኔ ተዪው።»