ስልሳ አንድ ፈቃድ በአንድ የቤት ቁጥር

የቤት ቁጥሩ የራሷ ነበር። መሰለች ይህን ያየችው ዓርብ ማታ ከሥራ ገብታ፣ በረንዳው ላይ በላስቲክ ታስሮ የተቀመጠ የወረቀት እሽግ አንስታ የላይኛውን ስታነብ ነው። «የአገልግሎት አድራሻ፦ የቤት ቁጥር 714» ይላል። ሁለተኛውን አወጣች፤ 714። ሦስተኛውም 714። እያገላበጠች ስልሳ አንደኛው ላይ ደረሰች። እሱም 714።

«አለቀልኝ» አለችና ቦርሳዋን እንዳነገተች ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

መሰለች አዳማ ውስጥ በአንድ የፈቃድ ጽሕፈት ቤት የዓመት ክፍያ መጠየቂያ የምታዘጋጅ የኮንትራት ሠራተኛ ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረሰች አግብታ፣ ወልዳ፣ ልጇን ካሳደገች በኋላ ነው ሥራ የጀመረችው፤ ገና ዘጠኝ ወሯ። ቋሚ ትሁን ወይስ ትሰናበት የሚለው ሰኞ ይወሰናል። ባሏ ገሠሠ ላንጋኖ አንድ ሆቴል ውስጥ ወጥ ሠሪ ስለሆነ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው የሚመጣው። ቤት ያለችው አሥራ አንደኛ ክፍል የምትማረው ልጇ ቤዚ ብቻ ናት።

ሴትዮዋ ደግሞ ስጋት አያልቅባትም። ስልክ ከጮኸ ሰው ሞቷል፤ ካልጮኸ ደግሞ መርዶውን የሚነግራት ጠፍቶ ነው። የውጭ በሩ ቁልፍ ማክሰኞ ዕለት ከተበላሸ ወዲህ ማታ ማታ ባዶ የጋዝ ሲሊንደር እየጎተተች ከበሩ ኋላ ታስደግፍና፣ በላዩ ላይ ድስት ትደፋበታለች፤ ሌባ ሲገፋው እንዲጮህ። በብስክሌት እየዞረ ቁልፍ የሚሠራውን ሰው ሦስት ቀን ፈልጋዋለች። ፖስታ ቤት አጠገብ ስትሄድ «አሁን እዚህ ነበር» አሏት። ገበያ ስትሄድም «አሁን እዚህ ነበር» አሏት።

የስልሳ አንዱ ጣጣ የመጣው እንዲህ ነው። መጠየቂያው የሚታደለው ቤት ለቤት ነው። ፋርማሲ ቤት አለው፤ ምግብ ቤትም ቤት አለው። ባለጋሪው፣ በፔርሙዝ ሻይ አዟሪዋ፣ እየዞረ ፎቶ የሚያነሳውስ? ፈቃድ አላቸው፤ ቦታ ግን የላቸውም። ዱሮ በወረቀት ሲሠራ አድራሻው ላይ ሰረዝ ተደርጎ ይታለፍ ነበር። አዲሱ ኮምፒውተር ግን ሰረዝ አይወድም። ባዶ ሲሆንበት ቀይ ጽሑፍ ያወጣና ደርቆ ይቀራል። መሰለች ላብ በላብ ሆና «ለጊዜው አንድ ቁጥር ልስጠው፤ ኋላ አስተካክለዋለሁ» አለች። የተጨነቀ ጣት ደግሞ ከሚያውቀው ሌላ አይጽፍም። የገዛ ቤቷን ከነሰፈሩ መታችለት። ኮምፒውተሩም ደስ ብሎት ለስልሳ አንዱም አደለው።

ያ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ማሽኑ ማንንም ሳይጠይቅ ለየባለፈቃዱ የስልክ መልእክት ልኳል፤ «መጠየቂያዎን በአገልግሎት አድራሻዎ ያገኛሉ» ይልና ሰፈሩንና 714ን ይጠቅሳል። ወረቀት አዳዩ ጫምሳም ስልሳ አንድ በር ማንኳኳት ስለቀረለት እየዘፈነ መጥቶ፣ የማይቆለፈውን በር ገፋ አድርጎ እሽጉን አስቀምጦላት ሄዷል።

«ለአቶ ማስረሻ ደውዪላቸዋ» አለች ቤዚ። አቶ ማስረሻ የመሰለች አለቃ ናቸው።

«ደውዬ ምን ልበል? ‹ባለጉዳዮቹን በሙሉ ቤቴ ጠርቻቸዋለሁ› ልበል? ሠራተኛ ባለጉዳይን ቤቱ የሚጠራው ለምን እንደሆነ አታውቂም?»

«ለምንድን ነው?»

«ለጉቦ ነዋ!» ቃሉን ጎረቤት እንዳይሰማ በትንፋሽ ነው ያወጣችው። «ሰኞ ቋሚ የምሆነው ወህኒ ቤት ነው።»

«እማዬ ደግሞ! ማንም ላይመጣ ይችላል እኮ።»

«የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» አለች መሰለችና ሲሊንደሯን ለመጎተት ተነሳች።

ቅዳሜ ገና ከአንድ ሰዓት በፊት ድስቱ ወድቆ ተንኳኳ። መሰለች በነጠላዋ ተጠቅልላ ስትወጣ በሩን የገፋው ሌባ አልነበረም። ፈረስ ነው። አንገቱን አስገብቶ በቆርቆሮ ያለውን ጤና አዳሟን እያሸተተ ነበር።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ፣ ልጄ!» አሉ ከጋሪው ላይ ሽበታም ሰውዬ። «ሰንበታ እባላለሁ። 714 እዚህ ነው?»

«ነው… ማለት አይደለም… ፈረሱን ይያዙልኝ!»

«የክፍያ ቢላችሁ እዚህ ነው የሚል በስልክ መጣልኝ። ልጄ ናት ያነበበችልኝ።»

መሰለች ወረቀቱን ፈልጋ ልትሰጣቸው ስትል እጇ አየር ላይ ቆመ። ነገ አንድ ሰው «እቤቷ ሄጄ ነው የተቀበልኩት» ቢል ምን ማስረጃ አላት? ወደ ውስጥ ገብታ የቤዚን የሂሳብ ደብተር አነሳች። ከኋላ በኩል ገለጠችና መስመር አሰመረች።

«ጋሼ፣ እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ። ‹ወረቀቴን ተቀብያለሁ፤ ለወይዘሮ መሰለች አንድም ነገር አልሰጠሁም› ነው የሚለው።»

ጋሽ ሰንበታ ሳቁ። «ልሰጥሽ አስቤ ነበር እንዴ?»

«አስበው ከሆነም እንዳይነግሩኝ!»

«እሺ፣ አልሰጠሁም።» ፈረሙ።

«አሁን ደግሞ እውነተኛ አድራሻዎን ይንገሩኝ። ላርመው።»

«እኔ? እኔ መንገድ ላይ ነኝ።»

«መንገድ ላይ የት?»

«እህል ካለ ወለንጪቲ መውጫ፣ ሲሚንቶ ካለ ደግሞ ሌላ ጋ።»

መሰለች እስክሪብቶዋን ነከሰች። ይሄ ሰውዬ አድራሻ የለውም ብላ ሰረዝ ብታደርግ ያው ቀይ ጽሑፍ ነው። ፈረሱን አየችው። ፈረሱም አያት።

«ይሄስ? ቀትር ላይ ውሃ የሚጠጣው የት ነው?»

«እሱማ የታወቀ ነው! ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለችው ቦኖ ጋ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል። አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም። እኔ ብረሳ እንኳ እሱ ይወስደኛል።»

ጻፈችው፤ «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ቦኖው ጋ፣ 6፡30። ፈረሱ ቡላ ነው።»

ጋሽ ሰንበታ ሳይወጡ ሁለት ሰው ገባ። ከዚያ አራት። ከዚያ መሰለች መቁጠር ተወች። ፎቶ አንሺ መጣ፤ «ከሠርግ እስከ ሠርግ ነኝ፤ ረቡዕ ረቡዕ ግን ፀጉሬን የምስተካከልበት ቤት አለ» አለ። ሰው እየመዘነ የሚኖር ባለሚዛን መጣ፤ ወረፋ ሲጠብቅ ሥራ አልፈታም፤ የቆመውን ሁሉ መዘነ። ሻይ አዟሪዋ በድሪያ ሁለት ፔርሙዝ አንግታ መጣችና ወረቀቷን በሁለት እጇ ይዛ ቀረች።

«ምን ሆንሽ? ስሕተት አለው?» አለች መሰለች።

«ኧረ የለውም። በሦስት ዓመት ቢሌን በእጄ ስይዝ የመጀመሪያዬ ነው። ሁልጊዜ ሳላየው ቀኑ ያልፍና ቅጣት ብቻ ይነገረኛል። ወረቀቱ ወዴት እንደሚሄድ ግራ ይገባኝ ነበር።»

ወዴት እንደሚሄድ መሰለች ታውቃለች። ቢሮዋ ውስጥ ከበሩ ኋላ «ባለቤት ያልተገኘላቸው» የሚል ካርቶን አለ። ግማሹ ሞልቷል። ካርቶኑ ውስጥ ሰው እንዳለ ግን አስባው አታውቅም ነበር።

«አንቺስ የት ትገኛለሽ?» አለቻት፣ ድምጿ ለስለስ ብሎ።

«መናኸሪያ፣ የሐረር አውቶቡስ ሲሞላ። ሳይሞላ ተሳፋሪው ሻይ አይጠጣም።»

አራት ሰዓት ሲሆን ከውጭ አንድ ድምፅ ሰፈሩን አናወጠው። «ውድ የተንቀሳቃሽ ፈቃድ ባለቤቶች! ቢላችሁ በወይዘሮ መሰለች መኖሪያ ቤት እየታደለ ነው! በወይዘሮ መሰለች ቤት! ፈጥነው ይምጡ!»

መሰለች ነጠላዋ መሬት እየጠረገ ወጣች። በባጃጅ ላይ ሞንታርቦ ጭኖ ማስታወቂያ የሚሠራው ሆራ ጥርሱን ሁሉ አውጥቶ ይስቃል።

«ዝጋው! ዝጋው፣ አንተ ልጅ!»

«ማዘር፣ አይዞሽ፣ በነፃ ነው!»

«በነፃ!» ራሷን ያዘች። «በነፃ ከሆነማ ሞቻለሁ! ቤዚ፣ ደብተሩን አምጪ! ‹ማንም ሳይለምነኝ ጮህኩ› ብለህ ፈርም!»

ሆራ ፈረመ። ጩኸቱ ግን ሥራውን ሠርቶ ነበር። ሰዎቹ ጎርፈው መጡ፤ ወሬውም አቶ ማስረሻ ጆሮ ደረሰ።

ስምንት ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ። «ወይዘሮ መሰለች፣ ቤትዎ ባለጉዳይ ተሰልፏል ይባላል። እውነት ነው?»

«እ… አሁን አሥራ አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው፣ ጌታዬ።»

«መጣሁ» አሉ አቶ ማስረሻና ዘጉት።

«ፖሊስ ይዘው ነው የሚመጡት» አለች ለቤዚ። «ጋዙን አጥፊ። ለአባትሽ ንገሪው። አረንጓዴው ሹራቤ ይምጣልኝ፤ ወህኒ ቤት ማታ ይበርዳል ይላሉ።»

«አዳማ ውስጥ? በዚህ ሙቀት?» ቤዚ ሳቋን መያዝ አቃታት።

አቶ ማስረሻ የመጡት ብቻቸውን ነው። ቀጭን፣ ሸሚዛቸውን እስከ ላይኛው ቁልፍ የሚቆልፉ ሰው ናቸው። በሩ ላይ ቆመው ሰልፉን አዩ። በድሪያ ሥራዋን እዚያው ጀምራ ስለነበር አንድ ብርጭቆ ሻይ እጃቸው ላይ አስቀመጠች። ሊጠጡ ሲሉ መሰለች ከደረጃው ላይ ጮኸች።

«አቶ ማስረሻ! ሂሳቡን ሳይከፍሉ እንዳይቀምሱ! በነፃ እዚህ ቤት ምንም የለም!»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። አቶ ማስረሻ ከፈሉና ጠጡ። ከዚያ ደብተሩን ጠየቁ።

መሰለች ሰጠቻቸው፤ ከመጀመሪያው ጀምራም ቀዩን ጽሑፍ፣ ቁጥሩን፣ እሽጉን ሁሉ ነገረቻቸው፤ አንድም አልደበቀችም። እሳቸው እየሰሙ ገጽ ይገልጣሉ። «አንድም ነገር አልሰጠሁም» የሚለው ከእያንዳንዱ ስም ጎን አለ፤ ከጎኑም ፊርማ፣ አንዳንዱ ጋ የጣት አሻራ። ከዚያ ደግሞ ቀጣዩን ዓምድ አነበቡ። «ቦኖው ጋ፣ 6፡30። ፈረሱ ቡላ ነው።» «የሐረር አውቶቡስ ሲሞላ።» «ክረምት ከሆነ መልካሳ፣ በጋ ከሆነ ባቡር ጣቢያ፣ ሁልጊዜ ሰማያዊ ጃንጥላ።»

«ይህን ማን አስተማረዎት?»

«ማንም። ጥፋቴን ልቀንስ ብዬ ነው።»

አቶ ማስረሻ መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ እነዚህን ሰዎች ለማግኘት ሁለት ጊዜ ኮሚቴ አቋቁሜያለሁ። ኮሚቴው አራት ሰው አገኘ። አንዱም የኮሚቴው አባል ነበር።» ደብተሩን መለሱላት። «ሰኞ ይዘውት ይምጡ። አድራሻቸውን በማብራሪያው ቦታ ላይ አብረን እናስገባለን። የቋሚነቱንም ወረቀት ያን ጊዜ እፈርማለሁ። ግን ሙሉ ይሁን፤ ስልሳ አንዱም ይፈርሙ። አንድ ሰው ከጎደለ ‹እሱንስ ምን ተቀበለችው?› የሚል አይጠፋም።»

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ስልሳ ሰው ፈርሟል። እሽጉ ውስጥ አንድ ወረቀት ብቻ ቀረ። መሰለች ከፊቷ አስቀምጣ ታየዋለች፤ «ኑዕማን። ተንቀሳቃሽ።» ምን እየሠራ እንደሚንቀሳቀስ አይልም። ስልኩም ዝግ ነው።

«ይሄ ነው የሚያጠፋኝ» አለች። «ስልሳው ወዳጅ ነበር፤ ጠላቴ ይሄ ነው። አልነገርኩሽም?»

«ገና አልመሸም፣ እማዬ።»

በሩ ተንኳኳ። ሲንኳኳም ራሱ ተከፈተ። አንድ ከሲታ ሰው ብስክሌቱን ይዞ ቆሟል፤ ከብስክሌቱ እጀታ ላይ መቶ የሚሆን ቁልፍ ይንጠለጠላል።

«ሰላም አመሻችሁ። ኑዕማን እባላለሁ። ስልኬ ባትሪ ጨርሶ መልእክቱን አሁን ነው ያየሁት።» ከዚያ በሩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገፋ አደረገው። «እትዬ፣ ቁልፋችሁ ተበላሽቷል እኮ።»

መሰለች ቁልፎቹን አየች፤ ወረቀቱን አየች፤ ቤዚን አየች። ሦስት ቀን ሙሉ ከተማውን ያሰሰችለት ሰው ስሙ በእሽጓ ውስጥ ተኝቶ ኖሯል። ሳቅ መጣባት። መጀመሪያ አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ ኋላ ግን ተወችውና ደረጃው ላይ ተቀምጣ እስኪያስነባት ሳቀች።

ኑዕማን ፈረመ፤ አድራሻውንም «ጠዋት ጠዋት፣ ሳልነሳ በፊት ቤቴ» አስጻፈና፣ «ቤት ሳይሆን የሥራ ቦታ» ስትለው «ፖስታ ቤት ጥግ፣ ሁለት ሰዓት» ብሎ አስተካከለ። ከዚያ በባትሪ ብርሃን ቁልፉን ፈታ፣ ሞረደ፣ ዘይት ጠብ አደረገበት፣ መለሰው።

«ስንት ነው?» አለች መሰለች።

«ተዪው፣ እትዬ። ወረቀቴን አቆይተሽልኛል።»

«ወይ አንተ ሰው! ፈርመሃል እኮ! ‹አንድም ነገር አልሰጠሁም› ብለህ!» ቦርሳዋን ከፈተች። «ትቀበላለህ፤ ደረሰኝም ትሰጠኛለህ።»

ኑዕማን እየሳቀ ትንሽ ደረሰኝ አወጣና ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሞላ። መሃል ላይ ቀና አለ። «የአገልግሎት አድራሻ ይላል። ምን ልበል?»

መሰለች ልትመልስ አፏን ስትከፍት ቆም አለች። ከጠዋት ጀምሮ ስልሳ ጊዜ «ይሄ ስሕተት ነው» ስትል የዋለችበት ቁጥር ነው።

«714 በል» አለች። «የአንተው ብቻ እውነት ሆነ።»

ሰውየው ቁልፎቹን እያንሿሿ ከሄደ በኋላ ደረሰኙን ደብተሩ ውስጥ አስገባች። ደብተሩን በፌስታል ጠቀለለችው፤ ዝናብ ባይኖርም። ፌስታሉን ትራሷ ሥር አደረገችው፤ አይጥ ባይኖርም። ቤዚ ሲሊንደሩን ወደ ወጥ ቤት መለሰች፤ ድስቱንም አጥባ ሰቀለችው።

መሰለች ብቻዋን ወደ ውጭ በሩ ወረደች። አንዴ ዞራ መንገዱን አየች፤ ማንም የለም። ቁልፉን አስገባችና አዞረችው። ደግማ አዞረችው። በሩን ጎትታ ሞከረችው፤ ንቅንቅ አላለም።